ቶዮታ ሴሊካ 1.6፦ የድሮ የስፖርት መኪና በተማሪ ገቢና በአዳማ መንገድ

ቶዮታ ሴሊካ የተባለችውን ባለ ሁለት በር መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ ምርቷ እስከቆመበት እስከ 2006 ድረስ ሰባት ትውልዶችን አሳልፋለች። ይህ ግምገማ የሚመለከተው ከ1989 እስከ 1993 የተሠራችውን አምስተኛዋን ትውልድ፣ ከእሷም ውስጥ ባለ 1.6 ሊትሯን ብቻ ነው። መኪናዋን የያዝኳት በአዳማ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን እየተከታተልኩ፣ ገሚሱን በእቁብ ገንዘብ ገሚሱን በቤተሰብ ድጋፍ ገዝቼ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የሰፈረው አስተያየት የዘይት መቀየሪያውን ገንዘብ ከወሩ የቤት ኪራይ ጋር አብሮ የሚያሰላ ሰው አስተያየት መሆኑ ታውቆ ይነበብልኝ።

ፍርዴን ከወዲሁ ለማስቀመጥ ያህል፣ የድሮ የስፖርት መኪና በተማሪ ገቢ ሊያዝ የሚችለው ከኮፈኑ ሥር ያለው ነገር ሁሉ የተራ መኪና ከሆነ ብቻ ነው። ባለ 1.6 ሊትሯ ሴሊካ ይህን መስፈርት ታሟላለች። የተገጠመላት ሞተር 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው፣ 1,587 ሲሲ መጠን ያለውና ባለ 16 ቫልቭ ሲሆን፣ በዚያው ዘመን ኮሮላዎችም ላይ የነበረ ነው። ካንዴላው፣ የዘይት ማጣሪያው፣ የውኃ ፓምፑ፣ የታይሚንግ ቺንጊያውና የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን (በክዳኑና በብሎኩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ሁሉ በኮሮላ ስም ተጠይቀው የሚገኙ ናቸው። መለዋወጫ መደብር ገብቶ «የሴሊካ» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ወይ «የለም» ይባላል፣ ወይ ዋጋው ይሰቀልበታል፤ «የኮሮላ፣ 4ኤ-ኤፍኢ» ብሎ የሚጠይቅ ግን ዕቃውን ከነምርጫው፣ ኦሪጅናሉንም የዱባዩንም፣ ጠረጴዛ ላይ ያገኘዋል።

በዚሁ ትውልድ ውስጥ ባለ 2 ሊትሩ 3ኤስ-ጂኢ ሞተር የተገጠመላቸው ሴሊካዎችም አሉ፤ ፍጥነት የሚወድ ወጣት ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በእነሱ ላይ ነው። የመጭመቂያ መጠኑ ከፍ ያለ በመሆኑ ከተለመደው የተሻለ ቤንዚን ይፈልጋል፣ ዕቃውም በየመደብሩ የሚገኝ አይደለም። ደላሎች ደግሞ የሚወዱት ታሪክ አላቸው፦ የራሊ ሾፌሩ ካርሎስ ሳይንዝ እ.ኤ.አ. በ1992 የኬንያውን ሳፋሪ ራሊ ያሸነፈውና በዚያው ዓመት የዓለም የራሊ ሻምፒዮን የሆነው በዚሁ ትውልድ ሴሊካ ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ያቺ መኪና ባለ ተርቦና አራቱም ጎማ የሚጎትት ጂቲ-ፎር የምትባለው ነበረች፣ ከባለ 1.6 ሊትሯ ጋር የሚያመሳስላት መልኳና ስሟ ነው። ለሳይንዝ ድል ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

የገበያውን ሁኔታ በተመለከተ፣ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ከጣለ በኋላ፣ ከዚያም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ የሚሸጠውም የሚገዛውም ቀድሞ አገር ውስጥ የገባው ብቻ ሆኗል። በዚህ ምክንያት ቪትዝና ያሪስን የመሳሰሉት ትንንሽ መኪኖች ተማሪ ቀርቶ ደመወዝተኛም የማይደፍራቸው ሆነዋል። ሴሊካ ግን ቤተሰብ የማይፈልጋት፣ ለራይድ ሥራም የማትሆን መኪና ናት፤ ሁለት በር ብቻ ስላላት የኋላ ተሳፋሪ የሚገባው የፊቱ ወንበር ታጥፎለት ነው። እኔ የገዛኋት በወቅቱ ከዕድሜዋ በብዙ የምታንስ ቪትዝ ከምትጠየቅበት ዋጋ በታች ነው። ዋጋዋን ዝቅ ያደረገው ጉድለቷ ሳይሆን የፈላጊዋ ማነስ በመሆኑ፣ ለብቻው ለሚንቀሳቀስ ተማሪ ይህ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ሲገዙ በመጀመሪያ መታየት ያለበት ሞተሩ ሳይሆን አካሏ ነው፤ ይህ ከተለመደው ምክር ጋር ይጋጫል። ብዙ ሰው መካኒክ ይዞ ሄዶ ጭስ ያያል፣ ድምፅ ያዳምጣል፣ ካምቢዮ ያስገባል፣ ከዚያ ስለ ቀለሟ ማማር ተደራድሮ ይገዛል። የሴሊካ ሞተር ቢደክም ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይቀየርለታል፣ ካልሆነም ሌላ 4ኤ-ኤፍኢ ይፈለግለታል። የፊት ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ)፣ የኋላው ትልቅ መስታወት፣ የፍሬቻ ሽፋን፣ የበር መስታወት ግን የሴሊካ ብቻ ናቸው፤ ኮሮላ እዚህ ላይ አይረዳም፣ ከውጭ የሚገባ ተመሳሳይ መኪና ስለሌለም ታርዶ ዕቃው የሚሸጥ ሌላ ሴሊካ ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሞተሯ የደከመ ግን ላሜራዋና መስታወቷ ሙሉ የሆነ ሴሊካ፣ ሞተሯ እንደ ሰዓት ከሚሠራ ግን ተጋጭታ በስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ ላይ በሚለጠፍ መሙያ) ከተሞላች ሴሊካ ትሻላለች። ስቱኮውን ለመለየት በቀጭን ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት በኋለኛው ጎማ ዙሪያና በበሮቹ የታችኛው ጠርዝ ላይ ማስኬድ ይበቃል፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ሁሉ ከቀለሙ በታች ስቱኮ እንዳለበት ይቆጠር።

ከአካሏ ሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልጉት የፊት መብራቶቿ ናቸው። ሲጠፉ ከኮፈኑ ጋር እኩል ሆነው ይተኛሉ፣ ሲበሩ ብቅ ይላሉ፤ መኪናዋን የሚያስወድዳትም ይኸው ነው። እያንዳንዱን መብራት የሚያነሣውና የሚያስተኛው የራሱ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ሲሆን፣ ከሞተሩ ወደ መብራቱ የሚሄደው የብረት ክንድ በመጋጠሚያው ላይ ከጊዜ ብዛት ይላላል። የአዳማ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ ከቅባቱ ጋር ሲጋገር ክንዱ ይከብዳል፣ ሞተሩም ሳይጨርስ ይቆማል፤ አንዱ መብራት ተነሥቶ ሌላው ግማሽ መንገድ ላይ ሲቀር መኪናዋ እንደሚጠቅስ ሰው ትሆናለች። እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ «ሞተሩ ተቃጥሏል» ብሎ ይደመድማል። ከዚያ በፊት የመብራቱ ፊውዝ ይነቀል፣ በሞተሩ ጫፍ ያለው የጎማ ክዳን ይነሣ፤ ከክዳኑ ሥር በእጅ የሚዞር ቁልፍ አለ። ቁልፉ ሲዞር መብራቱ በዝግታ ይነሣል፣ የሚከብድበትም ቦታ በጣት ይታወቃል። መጋጠሚያው በቤንዚን ታጥቦ አዲስ ቅባት ሲደረግለት ብዙውን ጊዜ ይስተካከላል። ክፍያን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም፤ ይህ ሥራ ከባለቤቱ የግማሽ ቀን ጊዜ በቀር ምንም አያስወጣም፣ የመብራት ሞተር ፍለጋ ግን አዲስ አበባ ድረስ አስኪዶ ባዶ እጅ ሊመልስ ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የማቀዝቀዣው ጉዳይ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብትገኝም ቆላነቷ ይበልጣል፤ በበልጉ ወራት እኩለ ቀን ላይ በባጃጅ ሰልፍ መካከል ፍራንኮ ከሚባለው የከተማው ሰፈር ለመውጣት የሚጠብቅ መኪና ሙቀት መለኪያው ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው። የዚህ ሞተር ብሎክ ከብረት፣ ቴስታታው ከአሉሚኒየም በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ ክፉኛ ከጋለ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑም ይበላል። በዚህ ምክንያት ከመግዛት በፊት የራዲያተሩ ማራገቢያ መሥራቱን ማረጋገጥ ግዴታ ነው፤ ማረጋገጫውም ቀላል ነው። ቁልፉ በርቶ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ የማራገቢያው የሙቀት ማብሪያ ገመድ ከማብሪያው ይነቀል፤ ማራገቢያው ወዲያው መዞር አለበት፣ ምክንያቱም ቶዮታ ገመዱ ቢበጠስ እንኳ ሞተሩ እንዳይቃጠል ብሎ የሠራው እንደዚያ ነው። ካልዞረ ፊውዙ፣ ሪሌው ወይም የማራገቢያው ሞተር ችግር አለበት ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ የዋጋ ድርድሩ መልክ ይለወጣል። አንዳንድ ሻጭ ማራገቢያውን በቀጥታ ከባትሪ ጋር አገናኝቶ ሁልጊዜ እንዲዞር ያደርገዋል፤ ይህ የተሸፈነ በሽታ እንጂ መፍትሔ አይደለም። በራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውኃ ብቻ የሚጨምር ባለቤት ከነበራትም የዝገቱ ቀለም ክዳኑ ሲከፈት ይታያል።

የኤሌክትሮኒክስ ምርመራን በተመለከተ ይህች መኪና ለተማሪ የተሠራች ትመስላለች። የዘመኑ የኮምፒውተር መመርመሪያ አይሠራላትም፣ አያስፈልጋትምም። ከኮፈኑ ሥር ዳያግኖሲስ የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ሣጥን አለ፤ ክዳኑ ሲከፈት የቀዳዳዎቹ ስም ከውስጥ ተጽፏል። ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ተገናኝተው ቁልፉ ሲበራ፣ የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ችግሩን በቁጥር ይናገራል፤ ሳያቋርጥ እኩል ብልጭ ካለ ችግር የለም ማለት ነው፣ ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሁለት ጊዜ ካለ ቁጥሩ 22 ነው፣ እሱም የውኃ ሙቀት ሴንሰር ነው፤ 41 ደግሞ የስሮትሉን ሴንሰር ያመለክታል። የእኔዋ ጠዋት ጠዋት በግድ መነሣት ስትጀምር አንድ ጋራዥ የቤንዚን ፓምፕ እንድቀይር ነግሮኝ ነበር፤ መብራቱ ግን 22 ብሎ መለሰ፣ ሴንሰሩም የኮሮላው ተገጥሞ ነገሩ አበቃ። ሌላ መካኒክ፣ ዕድሜ ጠገብ ሰው፣ ሽቦውን በእጄ ሲያይ «ወንድሜ፣ እንዲህ የምታውቅ ከሆነ ለእኔ የሚቀረኝ ዘይት መቀየር ነው» ብሎ ሳቀብኝ። በጨዋታ መልክ ተናገረው እንጂ በዚህች መኪና ላይ የሚወጣው ገንዘብ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ ችግሩን ራሱ ለይቶ የሚሄድ ባለቤት የእጅ ዋጋ ብቻ ይከፍላል፣ ሳይለይ የሚሄድ ደግሞ የግምት ዋጋ ጭምር ይከፍላል።

የታይሚንግ ቺንጊያው ዕድሜው 100,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ያገለገለ መኪና ሲሆን ግን መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ስለማይገኝ ከግዢ በኋላ ቀዳሚው ሥራ መሆን አለበት። መንገድ ላይ ቢበጠስም በዚህ ሞተር ላይ ቫልቭና ፒስተን አይገናኙም፣ መኪናዋ ቆማ ትቀራለች እንጂ ሞተሩ አይሰበርም። የዘይቱ መጠን ከ3 ሊትር ብዙም አያልፍም። ፍሪሲዮኑ፣ የፍሬን ሸራው፣ ባትሪው ተራ ወጪ ናቸው፤ የሚነገር የለም።

ስለ አነዳዷ፦ በባሕር ጠለል ላይ ከ100 የፈረስ ጉልበት ጥቂት የሚያልፈው ኃይሏ በአዳማ ከፍታ ላይ በአየሩ መሳሳት ምክንያት አንድ ስድስተኛ ያህሉን ያጣል፣ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣም የበለጠ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚፈቅደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በሞጆና በቢሾፍቱ አቅጣጫ ዳገቱን ስትወጣ ይህን ፍጥነት ለመያዝ ወደ አራተኛ ማርሽ መመለስ ግድ የሚልበት ቦታ አለ። ፍጥነት ፈልጎ የሚገዛት ሰው ያዝናል። ደስታዋ ያለው በመሪዋ ቅልጥፍና፣ ለመሬት ቀርቦ በመቀመጡና ነፋስ ሌሎቹን መኪኖች በሚያወዛውዝበት ሜዳ ላይ እሷ ሳትነቃነቅ በማለፏ ነው። ወደ ሶደሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ጠመዝማዛውን ስትይዝ ከየትኛውም የከተማ መኪና የተለየች መሆኗ ይታወቃል።

በከተማው ውስጥ ግን ዝቅ ማለቷ ዕዳ ነው። በየሰፈሩ ያለው ኮብልስቶን ከጊዜ ብዛት ጎድጉዶ፣ በየትምህርት ቤቱ በር የተሠራው የፍጥነት መቀነሻ ደግሞ መጠኑ እንደሠሪው ፈቃድ ስለሆነ፣ የፊት ባምፐሯና ማርሚታዋ (የጭስ ማውጫዋ) ሲነኩ ድምፁ ሆድ ይበላል። ሞላዋን አሳጥሮ ይበልጥ ዝቅ የማድረግ ፋሽን አለ፤ በዚህ ከተማ መንገድ ላይ ይህን የሚያደርግ ሰው ማርሚታ የሚበይድለት ወዳጅ ሊኖረው ይገባል። በአግባቡ ከተነዳች በከተማ ውስጥ በአንድ ሊትር 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ ትሄዳለች፤ ከቪትዝ የበለጠ ነዳጅ ትበላለች፣ ተማሪ ግን በየቀኑ አያሽከረክርም፣ ግቢ ውስጥ የሚኖርም ጭራሽ አይቸገርም።

ከሽያጩ በፊት በሊብሬው ላይ የሰፈሩት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች ከመኪናዋ ጋር መመሳሰላቸው በዓይን ይታይ፤ በዚህ ዕድሜ ላይ ያለች ሴሊካ ሞተሯ ተቀይሮ ሊሆን ይችላልና፣ ለውጡ ካልተመዘገበ ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም ሆነ ስም ሲዛወር የሚንገላታው አዲሱ ባለቤት ነው። እንደገና የመሸጡም ነገር ቀላል አይደለም፤ ገዢን ያራቃት ያው ሁለት በርነቷ ሻጩንም ያስጠብቀዋል። በምረቃ ሰሞን በአንድ ሳምንት ወደ ገንዘብ ለመለወጥ ለሚያስብ ሰው ይህች መኪና አትሆነውም፤ በችኮላ ከምትሸጥ ሴሊካ የሚተርፈው ለደላላው ነው።