ለቁርጥራጭ ጨርቅ ብላችሁ አየር የሚወጣለት ከረጢት እንዳትገዙ

ልብስ የምትሰፉ፣ በተለይ ትርፍራፊ ጨርቅ አጠራቅማችሁ የአልጋ ልብስና የትራስ ጨርቅ የምትገጣጥሙ፣ ይህን አንብባችሁ ለጓደኞቻችሁም ንገሩልኝ። ሰሞኑን በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚዞር ማስታወቂያ አለ። የልብስ ክምር ትልቅ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይገባል፣ አየሩ በፓምፕ ይወጣል፣ ክምሩ እንደ ጣውላ ጠፍጣፋ ይሆናል። ከስሩ ለቁርጥራጭ ጨርቅ ፍቱን መፍትሔ ነው ይላል። ከረጢቶቹ፣ የእጅ ፓምፑና አንድ ፓኬት ናፍታሊን (ብል ማባረሪያው ነጭ እንክብል) አብረው ነው የሚሸጡት። ገዝቼ ሞከርኩት። ለእኛ ሥራ አይሆንም።

ማስታወቂያው ለምን እንደሚያጓጓ ይገባኛል። የማናችንም ቤት ቢታይ ማዳበሪያ ውስጥ ታጭቆ አልጋ ስር የተገፋ ቁርጥራጭ አይጠፋም። ቪዲዮውም ውሸት አይደለም። ግን የሚያሳየው ፋይበር የተሞላ ብርድ ልብስና ወፍራም ጃኬት ነው። እነሱ ውስጣቸው አብዛኛው አየር ስለሆነ ሲመጠጥ ይሟሽሻሉ። የእኛ ቁርጥራጭ ስስ ጥጥ ነው። ተተኩሶ ከተደረደረ መጀመሪያውኑም ብዙ አየር የለውም። የምታተርፉት ቦታ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከዚያ የሚብሰው አጠቃቀሙ ነው። ብርድ ልብስ ለወራት ተቀምጦ አንዴ ይወጣል። ቁርጥራጭ ግን በየቀኑ ይፈለጋል። መዳፍ የምታክል አንዲት ሰማያዊ ጨርቅ ለማውጣት ከረጢቱን ከፍቶ መበርበር፣ መልሶ መደርደር፣ እንደገና ፓምፕ መምታት ነው። ማን ይችለዋል? ሳምንት ሳይሞላ ተከፍቶ ይቀራል።

ዚፑን ደግሞ ልብ በሉ። ጠርዙ ያልተዘመዘመ ጨርቅ ክር ይተፋል፣ በተለይ ፈትልና መነን። ከእነዚያ ክሮች አንዷ በላስቲኩ ዚፕ መሀል ከገባች አየር ታስገባለች። ማታ ድርቅ ብሎ ያደረ ከረጢት ጠዋት ተነፍቶ ይገኛል። ጣታችሁን በዚፑ ላይ ብታስኬዱ የምትጎረብጥ ቦታ አለች፤ ክሯ እዚያ ናት። ሻጩን ስጠይቀው «አልቻልሽበትም» አለኝ። ቀጥሎ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ከዚያ በኋላ መልእክቴን ማየት አቆመ።

ይህ ሁሉ ይቅር። እኔ የምፈራላችሁ ክረምቱን ነው። ጥጥ ደረቅ መስሎ ሲታይ እንኳ ከክብደቱ 7 ወይም 8 በመቶ የሚሆን እርጥበት ይይዛል። በአዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ከዚያም ይጨምራል። አየር በማያስገባ ላስቲክ ሲታሸግ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ከቀዝቃዛ ግድግዳ ጋር ከተጠጋ ደግሞ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል። ሻጋታ በነጭ ጥጥ ላይ የጣለውን ጥቁር ነጠብጣብ በረኪና እንኳ ሙሉ በሙሉ ላያስለቅቀው ይችላል። በረኪናው በዚያው የጥለቱን ቀለም ይዞት ይሄዳል። የሚያብረቀርቅ ክር ያለበት ጥለትማ ተጨፍልቆ ሲከርም በታጠፈበት መስመር ላይ ይሰነጠቃል። ያንን ካውያ አይመልሰውም። ከእናት ቀሚስ የተረፈ ጥለት እንዲህ ሲበላሽ ያሳዝናል፤ ተመልሶ የሚገዛ ነገር አይደለም።

ናፍታሊኑንም ከጨርቃችሁ አርቁት። ብል የሚበላው ሱፍና ሐር ነው። ታጥቦ የደረቀ ጥጥ አይስበውም። በዚያ ላይ ልጆች ከረሜላ መስሏቸው ይውጡታል። ብዙዎቻችን ከቁርጥራጭ የምንሰፋው የሕፃን መጠቅለያ ነው። ጂ ሲክስ ፒ ዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሕፃናት ደግሞ ናፍታሊን ውስጥ በቆየ ጨርቅ ሲጠቀለሉ ቀይ የደም ሴላቸው ሊፈርስ ይችላል። ይህ የሚቀለድበት ነገር አይደለም።

ታዲያ የት እናስቀምጠው ካላችሁ፣ በዚያው ገንዘብ አቡጀዲ ግዙ። አፉ በገመድ የሚሳብ ከረጢት መስፋት ለእናንተ የደቂቃዎች ሥራ ነው። አቡጀዲ አየር ያስገባል፣ አቧራ ይከላከላል፣ ሲቆሽሽ ይታጠባል። መጀመሪያ ጥጡን ከፖሊስተሩ ለዩ። ካላወቃችሁት አንድ ክር መዝዛችሁ ሰሃን ላይ አቃጥሉ። ጥጥ ወረቀት ወረቀት እየሸተተ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ከዚያ በቀለም ሳይሆን በመጠን መድቡት፤ ስንሰፋ መጀመሪያ የምንፈልገው ልክ የሚሆነውን ነው። መዳፍ የሚያክሉት ለብቻ፣ ረጃጅም ቅዳጆቹ ለብቻ፣ ለምንም የማይሆኑት ብጥስጣሾች ትራስ መሙያ ይሁኑ። በየከረጢቱ ላይ ከውስጡ ካለው ትንሽ ትንሽ ናሙና በመርፌ ቁልፍ ከውጭ ስቀሉበት። ሳትከፍቱ ምን እንዳለ ታያላችሁ።

የላስቲክ ሳጥን ይሻለኛል የምትሉ ካላችሁ ሳጥኑን ገልብጡና ሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለውን ቁጥር እዩ። 5 ወይም 2 ከሆነ ጥሩ ነው። 3 ከሆነ ፒቪሲ የሚባለው የላስቲክ ዓይነት ነው፣ ተዉት። ክዳኑንም ግጥም አታድርጉት።

ዕቃውን አዝዛችሁ ገና ካልደረሰ አሁኑኑ ደውላችሁ ሰርዙ። ሞተረኛው በር ላይ ከቆመም ከፍታችሁ ሳታዩ በቴሌብር እንዳትልኩ። ገንዘቡ አንዴ ከሄደ ሻጩ ስልክ አያነሳም። ቀድሞ የገዛችሁ፣ በደንብ የደረቀ የፋይበር ብርድ ልብስ በበጋ ብታስቀምጡበት ያገለግላል። ቁርጥራጩን ግን ዛሬውኑ አውጡና ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ አናፍሱት። የታፈነ ሽታ ያለውን ከሌላው ሳትቀላቅሉ ለብቻው እጠቡት።