ደሴ ያሉ አንድ ራፖር ጸሐፊ፣ ከክሱ በፊት አንቀጽ 2ን የሚከፍቱ ሽማግሌ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። እዚህ ብዙ ጊዜ ስለ ምግብ ቤትና ስለ ስልክ ጥገና ነው ሚጻፈው፣ እኔ ዛሬ ስለ አንድ ራፖር ጸሐፊ ልጽፍ ነው፣ ያው ክስ፣ ማመልከቻ፣ ውል ምናምን ስለሚጽፉ ሽማግሌ። ፈቃድ ስላልጠየኳቸው ስማቸውን አልጠራም። ፒያሳ አካባቢ ፎቶኮፒ ቤቶቹ መሀል አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፣ ውስጧ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር፣ አንዲት ታይፒስት ልጅ፣ ግድግዳው ላይ ካላንደር፣ ከካላንደሩ ጎን እስከ ጣራ የተደረደረ ነጋሪት ጋዜጣ። እሷን ካያችሁ እሳቸው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ስፌት ላይ ተቀጥራ ነበር። ጥር 4 ሰኞ ቀን ገባች፣ መጋቢት 7 ሰኞ ቀን ደብዳቤ ሰጧት፣ «በሙከራ ጊዜዎ ለሥራው ተስማሚ ሆነው አልተገኙም» የሚል፣ ዒድ ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት። ልጅቷ በፆም አፏ ስታለቅስ እኔ በጣቴ ቆጠርኩና 64 ቀን ሆኗታል፣ ሙከራ 60 ቀን ነው፣ አልፎባቸዋል፣ አብሽሪ እንከሳቸዋለን ብዬ ፎከርኩ። ጎረቤትም አጨበጨበልኝ። በማግስቱ የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ገባን፣ ከኮምቦልቻ ሙቀት በስስ ልብስ ስለወጣች ፒያሳ ስንወርድ ጃኬቴን ቀማችኝ።

ሽማግሌው ሙሉ ታሪኩን ሰሙኝ። ሲሰሙ አያቋርጡም ይሄ ደስ ይላል። ስጨርስ ግን ክስ ልጻፍላችሁ አላሉም፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው «ቀን ስትል የምን ቀን?» አሉኝ። ቀን ነዋ ጋሼ፣ ቀን ስንት ዓይነት አለው አልኳቸው። ዝም ብለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁን፣ 1156/2011ን አወረዱና አንቀጽ 11ን በጣታቸው ይዘው ለእህቴ እንድታነብ ሰጧት። ጮክ ብላ አነበበች፣ ከስልሳ የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም የሚለው ጋ ስትደርስ «ድገሚው» አሏት። ደገመችው። የሥራ ቀን።

ከዛ ተነስተው ካላንደሩ ላይ በእስክሪብቶ መቁጠር ጀመሩ። እሁዶቹን ዘለሉ። ጥር 11 ጥምቀት፣ ሰኞ ነው የዋለው፣ ዘለሉት። የካቲት 23 አድዋ እሱም ሰኞ፣ ዘለሉት። መጋቢት 7 ላይ ሲደርሱ 53 አሉ። ሃምሳ ሦስት! እኔ 64 ብዬ ሰፈር ያስጨበጨብኩት ሰውዬ ወንበሩ ላይ ተጣበቅኩ ወላሂ። በሙከራ ጊዜ ተስማሚ አይደለህም ተብሎ የወጣ ሰው ደግሞ ማስጠንቀቂያም የሥራ ስንብት ክፍያም ካሳም የለውም አሉን። በነገራችን ላይ በድሮው አዋጅ በ377/96 ሙከራ 45 ተከታታይ ቀን ነበር፣ ተከታታይ ስለሚል እሁዱም በዓሉም ይቆጠር ነበር፣ ብዙ ሰው ያንን በጆሮው እንደያዘ ቁጥሯን ብቻ ወደ 60 ቀይሮ ነው ሚያወራው፣ እኔን ጨምሮ።

አሁን ሌላ ሰው ቢሆን እዚች ጋ ሁለት ነገር ነው ሚያደርገው። ወይ አይ የላችሁም ሂዱ ይላል፣ ወይ ደግሞ ሂሳቡን ለመቀበል ሲል ዝም ብሎ ይጽፍልሃል፣ ፍርድ ቤት ሄደህ ትዋረዳለህ። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ የደረሰብኝ ስለሆነ አውቀዋለሁ። እኚህ ሰውዬ ግን «የሥራ ውልሽን ይዘሻል?» አሏት። ይዛለች፣ በፌስታል ተጠቅልሎ። ከፈቱት፣ የሙከራ ጊዜ የሚለውን ፈለጉ፣ ውሉ ላይ የተጻፈው «የሙከራ ጊዜ 60 ቀን ይሆናል» ነው። በቃ። የሥራ የሚል ቃል የለም።

ፈገግ ያሉት ያኔ ነው። ያስረዱን ነገር በኔ አፍ እንዲህ ነው፤ ሕጉ ጣሪያ ነው ያበጀው፣ ከ60 የሥራ ቀን አይብለጥ አለ እንጂ የግድ 60 የሥራ ቀን ይሁን አላለም፣ አሠሪው ከዛ ያነሰ ልስጥ ካለ ማንም አይከለክለውም። ፋብሪካው በራሱ ወረቀት 60 ቀን ብሎ ከጻፈ ቀን ቀን ነው፣ መጋቢት 3 ላይ አልቋል፣ ደብዳቤው በ4 ቀን ዘግይቷል። እነሱ መጥተው እኛ ያሰብነው የሥራ ቀን ነው ቢሉስ አልኳቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉን፣ የ1952ቱን፣ አንቀጽ 1733 አወጡ፣ የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛ ከዛ ርቆ ተዋዋዮቹ ምን አስበው ነበር እያለ በትርጉም አይፈልግም ነው ሚለው። «እንግዲህ እነሱ ግልጽ አይደለም ይላሉ አንቺ ግልጽ ነው ትያለሽ፣ ክርክሩ እሱ ነው፣ ታሸንፊያለሽ አልልሽም፣ ግን ክርክር አለሽ» አሏት። አለቀ። እኔ ይዤ የመጣሁትን ክርክር ገደሉት፣ በሱ ፈንታ እኔ ያላየሁትን ሰጡን፣ ሁለቱም አንዷን ቃል «የሥራ» የምትለዋን ከማየት የመጣ ነው።

ቀጥሎ ደመወዝ። ስንት ነው ደመወዝሽ ሲሏት እጇ ላይ የሚገባውን ነገረቻቸው፣ 3800። «እሱ የምትቀበይው ነው፣ ደመወዝሽን ነው የጠየኩሽ» አሉ። እኛ ቤት ደመወዝ ማለት በወር መጨረሻ የሚመጣ ብር ነው ሌላ ትርጉም አናውቅም። አዋጁ ላይ ግን አንቀጽ 53 ደመወዝ ማለት ሠራተኛው ለሠራው ሥራ የሚከፈለው መደበኛ ክፍያ ብቻ ነው ይልና የማይቆጠሩትን ይዘረዝራል፣ ትርፍ ሰዓት፣ አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን፣ ለተጨማሪ የሥራ ውጤት የሚከፈል ማትጊያ፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ፣ ሁሉም ደመወዝ አይደለም። ከሷ 3800 ውስጥ እነዚህ ሲነሱ 2600 ቀረ። ካሳና ስንብት ሲሰላ በዚህችኛዋ ነው፣ ስለዚህ ክሱ ላይ 3800 ብለን ብንጽፍ ኖሮ መጀመሪያውኑ ተቃውሞ ይመጣብን ነበር። እህቴ «እና ሌላው ምንድነው ታዲያ ሰደቃ ነው?» ስትል ታይፒስቷ ሳይቀር ሳቀች።

ወረፋ ስንጠብቅ ያየሁትን ልጨምር፣ ምክንያቱም እኔ ለብቻዬ የተለየ ነገር ተደርጎልኝ እንዳይመስላችሁ። ከኛ በፊት አንድ ሱፐርቫይዘር ነኝ ያለ ልጅ ነበር፣ አሠሪው «አንተ የሥራ መሪ ስለሆንክ የሠራተኛ አዋጅ አይመለከትህም» ብሎ ትርፍ ሰዓት ከልክሎታል። እውነትም የሥራ መሪ በአዋጁ አይሸፈንም። ሽማግሌው ግን አንቀጽ 2 ላይ ያለውን ትርጉም ከፈቱና አንድ በአንድ ጠየቁት፣ ሰው ትቀጥራለህ? አልቀጥርም። ታባርራለህ? አላባርርም። ታዛውራለህ፣ ታግዳለህ? ኧረ እኔ መቅረቱን ብቻ ነው ምመዘግበው። የድርጅቱን ፖሊሲ ታወጣለህ? ልጁ ሳቀ። «እንግዲያ ባጅህ ላይ ያለው ስም ነው መሪ ያደረገህ፣ ሕጉ ደግሞ ሚያየው ሥልጣንህን ነው» አሉትና መጻፍ ጀመሩ። ተመልከቱ እንግዲህ፣ የሥራ መሪ የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን፣ እንደምናውቀው ግን አይደለም።

የገባኝ ነገር፣ አብዛኛው አዋጅ መጀመሪያ ላይ ትርጓሜ የሚል አንቀጽ አለው፣ ብዙ ጊዜ አንቀጽ 2 ነው፣ ሁላችንም ዘለን ቅጣቱ ጋ ነው ምንሄደው። መግቢያው «የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ» ይላል። ሽማግሌው «በዚህ አዋጅ ውስጥ» የምትለዋን በቀይ ነው ሚያሰምሩባት፣ ከአንዱ አዋጅ ቃል አንስተህ ሌላው ላይ አትለጥፍ ለማለት ነው። የፌዴራል አዋጆች ላይ ደግሞ «ክልል» የሚለው ቃል ሲተረጎም ብዙ ጊዜ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ይጨምራል የሚል አለበት፣ አዲስ አበባ ክልል ነች ብላችሁ ቡና ቤት ብትከራከሩ ይስቁባችኋል፣ አዋጁ ውስጥ ግን ነች። «ሰው» ማለት ድርጅትንም ይጨምራል፣ ያ ያባረራት ፋብሪካ ራሱ ሰው ነው ማለት ነው እንግዲህ ምን ታደርጋላችሁ። በወንድ ፆታ የተጻፈውም ሴትን ይጨምራል፣ እህቴ ሙሉውን ሰዓት «ሠራተኛው፣ ሠራተኛው ይላል፣ እኔስ?» ስትል ስለነበር እሷን አሳዩዋትና ተረጋጋች።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሁሉን ነገር ማር ነው ብዬ ከሄድኩ ማንም አያምነኝም።

አንደኛ፣ ቀርፋፋ ናቸው። ጠዋት 3 ሰዓት ገብተን 8 ሰዓት ነው የወጣነው፣ ሁለት ጊዜ መብራት ሄደ እሱ የሳቸው ጥፋት አይደለም፣ ግን መብራት ባለበትም ሰዓት ቁጭ ብለው ያስተምራሉ። ቸኩሎ ለመጣ ሰው ይከብዳል። መቀመጫም ሁለት በርጩማ ብቻ ነው ያለው፣ ቀሪው ደጅ በብርድ ይቆማል።

ሁለተኛ፣ ይሄ ከበድ ይላል፣ መደርደሪያቸው ላይ ያለው ወረቀት ሁሉ አዲስ አይደለም። አንዲት እናት ከኩታበር በኩል መጥተው ነበር፣ የገጠር መሬት ጉዳይ ነው፣ ጅዳ ያለ ልጃቸው የቤተሰብ አባል ነው አይደለም ነው ጥያቄው። ሽማግሌው ያነበቡላቸው ከአዋጅ 456/97 ነው፣ እዛ ላይ የቤተሰብ አባል ማለት ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት የሚኖርና መተዳደሪያውን የሚጋራ ነው፣ ደም ብቻውን አይበቃም፣ እናቲቱ «የወለድኩት ልጅ ቤተሰቤ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?» ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቀሩ። አንጀቴን በሉኝ። በዚህ መሀል ደጅ ቆሞ ሲሰማ የነበረ ተማሪ መሳይ ልጅ «አባ፣ 456 እኮ ተሽሯል፣ 1324/2016 ነው አሁን ያለው» አለ። ልክ ነው ልጁ። ሽማግሌው ትንሽ ተኮሳተሩ፣ ከዛ ግን «እንግዲያ እሱን ሳላይ አልጽፍሎትም፣ ሐሙስ ይምጡ» ብለው ሴትዮዋን ሳያስከፍሉ ሸኙ። የክልላችንን ሕግ በተመለከተም ያው ነው፣ የክልሉ የሕግ ጋዜጣ በሆነው በዝክረ ሕግ ላይ የሚወጣውን የመሬት አዋጅ የድሮውን 133/98ን ነው ከላይ ያደረጉት፣ እሱን የተካውን 252/2009ን ከስር ነው ያገኘሁት። ቃል በቃል ሚያነብ ሰው የተሻረ ወረቀት ላይ ቃል በቃል ካነበበ ጉዱ ነው። ስለዚህ እሳቸው ጋ ስትሄዱ ጋሼ ይሄ አሁን ይሠራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ አይቆጡም።

ሦስተኛ፣ ታይፒስቷ። ጎበዝ ልጅ ናት ፈጣን ናት ግን የክሳችን ረቂቅ ላይ «የሥራ» የምትለዋን ዘለለቻት፣ ሕጉ 60 ቀን ይላል ብላ ጻፈችው። አስቡት፣ ሙሉ ክርክራችን በሕጉና በውሉ ልዩነት ላይ ቆሞ እሷ አንድ አደረገቻቸው። ሽማግሌው አነበቡና ቀይ እስክሪብቶ አነሱ፣ አልተሳደቡም፣ «ይቺ ቃል የልጅቷ እንጀራ ናት» ብለው ክበብ አደረጉባት። እንደገና ታተመ፣ ለድጋሚው አላስከፈሉም። የምላችሁ፣ የትም አስጽፉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት።

ዋጋ፣ ሁለት ገጽ ክስ ከነማስረጃ ዝርዝሩ 400 ብር፣ ፎቶኮፒ በገጽ 5 ብር ነው ግን ማሽናቸው ቀለሙ ፈዛዛ ስለሆነ ጎን ያለው ቤት አስነሱት። ምክር ብቻ ጠይቆ ለሚሄድ አያስከፍሉም። የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ የለበትም፣ ይሄንንም የነገሩን እሳቸው ናቸው፣ ሌላ ቦታ ለዳኝነት ብላችሁ ብር አምጡ ከተባላችሁ እንዳትሰጡ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ሰው ደግሞ ያለው ጊዜ ሦስት ወር ነው፣ እያለቀሳችሁ ጊዜው እንዳያልፍባችሁ።

ጠበቃ አይደሉም፣ ራሳቸውም በግልጽ ነው ሚናገሩት። ችሎት አብረው አይቆሙም። ጉዳያችሁ ከበድ ያለ ከሆነ፣ በተለይ ሰበር፣ ያው የመጨረሻው ችሎት ድረስ ሊሄድ የሚችል ከሆነ ጠበቃ ያዙ ይላሉ፣ ለኛም ብለዋል። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ከ5 ባላነሱ ዳኞች የሰጠው የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤትንም ያስገድዳል፣ ስለዚህ አንድ ቃል እዛ ከተተረጎመ መዝገበ ቃላት ይዞ መከራከር አያዋጣም ብለው ጥቂት የሰበር ውሳኔ ቅጾች በፎቶኮፒ አስቀምጠዋል፣ ስለ «የሥራ መሪ» ሚያወራ ካለ ብዬ ሳገላብጥ ገጾቹ በሻይ ተጣብቀው ነበር።

የእህቴ ክስ ገብቷል፣ ቀጠሮ እየጠበቅን ነው፣ እንዴት እንዳለቀ እመለስበታለሁ።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት ለ456ቱ ነው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ 9 ሰዓት ገደማ ነው ሚከፍቱት፣ እሁድ ዝግ። ስትሄዱ የውላችሁን ዋናውን ይዛችሁ ሂዱ፣ በስልክ ፎቶ አንስቼዋለሁ ብትሏቸው አያዩትም፣ ዓይናቸው ስክሪን አይወድም። እና ጃኬት ያዙ፣ ደጅ ነው ምትቆሙት።