ሲያትል፣ መቃብር ውስጥ ጂኦካሺንግ፦ ከአምስት አራት ኮከብ

ቅዳሜ ጠዋት ቡናዬን እንኳን በቅጡ ሳልጠጣ ልጄ እየጎተተች አወጣችኝ። "እማዬ፣ ዛሬ መቃብር ነው የምንሄደው" ስትለኝ አማተብኩ። ለአዲስ አበባዋ እናቴ ስልክ ደውዬ ስነግራት ደግሞ የባሰ ሆነ። "አንቺ ልጅ፣ ሙት ሳይኖርሽ መቃብር ለመቃብር ምን ያዞርሻል?" እውነቷን ነው፣ እኛ ዘንድ መቃብር ለቀብርና ለተዝካር እንጂ ለጨዋታ አይኬድም። ግን ሄድን፣ ወደድኩት፣ እነሆ እጽፋለሁ።

ለማታውቁት፣ ጂኦካሺንግ የትልቅ ሰው ድብብቆሽ ነው። አንዱ ዕቃ ይደብቅና ቦታውን በጂፒኤስ ቁጥር አፕ ላይ ይለቀዋል፣ ሌላው ፈልጎ ያገኘዋል፣ ውስጡ ያለው ወረቀት ላይ ይፈርምና መልሶ እዚያው ይደብቀዋል። በፈረንጆቹ ሜይ 2000 የአሜሪካ መንግሥት ሆን ብሎ ያደበዝዘው የነበረውን የሲቪል ጂፒኤስ ለቀቀው፣ በማግስቱ አንድ የኦሪገን ሰው ባልዲ ሙሉ ዕቃ ጫካ ውስጥ ደበቀ፣ ከዚያ ወዲህ ዓለም ላይ ያልተደበቀበት ቦታ የለም። አፑ በነፃ ይወርዳል፣ የሚከፈልበትም አለው። እኛ በነፃው ነው የምንጫወተው፣ ለጀማሪ ይበቃል።

የሄድንበት ካፒቶል ሂል የሚባል የሲያትል ሰፈር ላይ፣ ከቮለንቲር ፓርክ በስተሰሜን ያለው የግራንድ አርሚ ኦፍ ዘ ሪፐብሊክ መቃብር ነው። ግራንድ አርሚ ማለት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለሰሜኑ የተዋጉ ወታደሮች ማኅበር ነበር። መቃብሩ የተከፈተው በፈረንጆቹ 1895 ነው፣ የዓድዋ ጦርነት አንድ ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። ከ500 በላይ ወታደሮች አሉበት። ትንሽ ናት፣ ጸጥ ያለች፣ እኔ እኮ በአጠገቧ ስንት ዓመት በመኪና አልፌያለሁ፣ አንድ ቀን ዞር ብዬ አላየኋትም።

ጨዋታው እንዲህ ነው፦ መቃብሩ ውስጥ ምንም የተደበቀ ነገር የለም። ድንጋዮቹን እያነበባችሁ ቁጥር ትሰበስባላችሁ፣ የዚህ ሰው ሬጅመንት (የተዋጋበት የጦር ክፍል) ስንተኛ ነው፣ የዚያኛውስ ስንት ነው እያላችሁ፣ ቁጥሮቹን ደምራችሁና ቀንሳችሁ የመጨረሻውን ቦታ ታወጣላችሁ፣ ዕቃው ያለው ከአጥር ውጭ ነው። ይሄን ያሰበ ሰው ይባረክ። ልጄ ስልክ ይዛ ከፊት፣ እኔ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ከኋላ።

ድንጋዮቹ ነጭ እምነበረድ ናቸው። ፊታቸው ላይ የጋሻ ቅርጽ ወደ ውስጥ ተቦርቡሯል፣ በጋሻው ውስጥ ስሙ፣ ሻምበሉና ሬጅመንቱ ጎላ ብለው ተቀርጸዋል። ኢሊኖይ ይላል አንዱ፣ ኦሃዮ ይላል ሌላው። የሲያትል ዝናብ ግን እምነበረዱን በልቶታል፣ በጣት ስትነኩት እንደ ስኳር ይሻክራል። አንዱ ላይ እኔ 6 ነው አልኩ፣ እሷ 8 ነው አለች፣ ተከራከርን፣ እናት ነኝና አሸነፍኩ። ያቺ ቁጥር ዕቃው ባለበት ቦታ የጂፒኤስ ቁጥር ውስጥ፣ በሰሜን መስመሩ ከመጨረሻው ሁለተኛዋ አሃዝ ነበረች። በሁለት መሳሳት 37 ሜትር ያህል ይወስዳል፣ እኛን የወሰደን የሰው አጥር ሥር ነው፣ ውሻ ጮኸብን። ተመለስን። የስልኩን መብራት ድንጋዩን እስኪነካ ድረስ ከጎን ስናበራበት ጥላው ቁጥሩን ወለል አድርጎ አወጣው። 8። ልጄ እስከ ማታ አልለቀቀችኝም።

በነገራችን ላይ፣ ድንጋዩ እንዲነበብ ብለው የጺም መላጫ አረፋ የሚቀቡ አሉ። እንዳታደርጉት፣ እምነበረዱን ይጎዳዋል። መብራት ይበቃል።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ጦርነቱ ከ1861 እስከ 1865 ነበር፣ ያኔ ሲያትል የእንጨት መሰንጠቂያ ያላት ጥቂት መቶ ሰዎች የሚኖሩባት መንደር ነበረች፣ ተኩሱም እዚህ አልደረሰም። እነዚህ ሰዎች እዚያ ማዶ ተዋግተው ተርፈው፣ መሬትና ሥራ ፍለጋ ወደዚህ መጥተው፣ አርጅተው ነው የሞቱት። የመጡበት ሬጅመንት ግን ከስማቸው ሥር ተጽፎ ቀረ። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፣ በየትኛውም የድሮ የአሜሪካ መቃብር ዩ.ኤስ.ሲ.ቲ. የሚል ድንጋይ ካያችሁ ቆም በሉ። የጥቁር ወታደሮች ሬጅመንት ነው፣ በዚያ ጦርነት ወደ 180 ሺህ የሚጠጉ ተሰልፈዋል።

ደቡቡን ይዞ ያለው ሌክ ቪው የሚባለው ትልቁ መቃብር ነው። ብሩስ ሊና ልጁ ብራንደን ጎን ለጎን እዚያ ናቸው፣ ሰው አይጠፋም። የሲያትል ከተማ ስም የተወሰደበት የአገሬው ነባር ሕዝብ መሪ፣ የአለቃ ሲያትል ልጅ፣ ልዕልት አንጀሊን የሚሏትም እዚያ ናት፣ በ1896 ስትሞት በታንኳ ቅርጽ በተሠራ ሣጥን ነው የተቀበረችው። እኛ ግን ደክሞን ስለነበር ብዙ አልቆየንም።

አንድ ኮከብ ለምን ቀነስኩ? ከሁለት ሳምንት በፊት ሌላ የድሮ መቃብር ሄደን አንዱ ደባቂ ማግኔት ያላት ትንሽ ሣጥን ከሰው ሐውልት ጋር አጣብቆ አገኘነው። ልጄ እጇን ዘርግታ ነበር፣ ተይ አልኳት፣ ሳንፈርም ወጣን። ጨዋታው ጥሩ የሚሆነው ደባቂው ጨዋ ሲሆን ብቻ ነው፣ ያንን ደግሞ ቦታው እስክትደርሱ አታውቁትም። ከዛፍ ሥር ጂፒኤሱ ስለሚዘል ያለው ብስጭትም አለ፣ ቀስቱ ወዲያ ወዲህ ሲል ራስ ያዞራል።

ዕቃዋን መጨረሻ ላይ አገኘናት፣ አውራ ጣት የምታክል ጠርሙስ፣ ውስጧ ጥቅል ወረቀት ብቻ። እስክሪብቶ የላትም፣ ይዛችሁ ሂዱ። ከልጅ ጋር ከሆናችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ቮለንቲር ፓርክ ሽንት ቤት ጎራ በሉ፣ እኛ መሐል ላይ አቋርጠን ሮጠናል።