የሆሎግራፊክ ቶሞግራፊ ማይክሮስኮፕ፦ ለሕያው ሴል አንደኛ ነው፣ ለወባ ምርመራ ግን አይሆንም

ስለ ሆሎግራፊክ ቶሞግራፊ ማይክሮስኮፕ፣ ሴልን በሌዘር በ3ዲ ስለሚያሳየው ማሽን፣ ምን እንደሚሰራና ለወባ ምርመራ ይሆን እንደሆነ ለጠየቃችሁኝ፣ ባሕር ዳር አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ሰርቼበታለሁ። ትልቁ ነገሩ ቀለም አይፈልግም! ጊምሳ (የወባ ተውሳክ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ደም የሚቀባበት ቀለም) የለም፣ ሜታኖል (ሴሉን መስታወቱ ላይ የሚያጣብቀው አልኮል) የለም፣ ሴሉን በሕይወት እያለ ነው የምታዩት፣ በጊምሳ ስንሰራ የኖርነው የምናየው የሞተውን ነው።

አሰራሩ እንዲህ ነው፣ ሌዘሩ ለሁለት ይከፈልና አንዱ በሳምፕሉ ያልፋል፣ ሌላው በጎን ይሄዳል፣ ካሜራው ላይ ሲገናኙ ብርሃኑ ሴሉ ውስጥ ምን ያህል እንደዘገየ ይታወቃል። ይሄን ከብዙ አቅጣጫ ያነሳና ሶፍትዌሩ ልክ እንደ ሲቲ ስካን ገጣጥሞ በ3ዲ ያወጣዋል። ሁለቱን ብርሃን አገናኝቶ የመቅዳቱን ዘዴ፣ ሆሎግራፊን፣ የፈጠረው ዴኒስ ጋቦር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ኖቤል ያገኘበት፣ ከብዙ አቅጣጫ ገጣጥሞ 3ዲ የማውጣቱን ሒሳብ ደግሞ ኤሚል ቮልፍ በ1969 አወጣው፣ ኮምፒውተሩ እስኪደርስበት ግን ብዙ ዓመት ጠብቋል።

እኔን ያስደመመኝ የእንጀራ እርሾ ነው። ከቤት ትንሽ ወስጄ በውሃ አቅጥኜ አስገባሁት፣ በተራ ማይክሮስኮፕ ድብልብል ነጠብጣብ ብቻ የነበረው እዚህ ውስጡ ወለል ብሎ ታየ፣ ቫኩዮሉ (ሴሉ ውስጥ ያለው የፈሳሽ ከረጢት) ደብዘዝ ያለ፣ የስብ ጠብታዎቹ ደግሞ ቦግ ያሉ (ስብ ብርሃንን ከውሃ ይበልጥ ስለሚያዘገይ ነው)፣ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ አንዷ ሴል ጎኗ ላይ ልጅ ስታወጣ አየሁ፣ በጣም ደስ ይላል ወገን!

አሁን ወደ ችግሩ። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ቆላ ለሚመጣው የወባ በሽተኛ ይጠቅማል ወይ ላላችሁኝ፣ ለምርምር አዎ፣ ተውሳኩ የገባበት ቀይ ሴል ሄሞግሎቢኑ እየተበላ ሲሄድ በቁጥር ይለካል። ለዕለት ምርመራ ግን በጭራሽ፣ በአንዴ የሚያሳየው ቦታ ጠባብ ነው፣ ተውሳኩ ጥቂት ከሆነ ስትፈልጉ ትውላላችሁ፣ ጊምሳችሁን አትጣሉ።

ወፍራም ነገርም አይችልም፣ ብርሃኑ ይበታተንና ምስሉ ይደበዝዛል። ሌላው ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ ስለማይገባ ክብ ሴል ከላይ ወደ ታች ረዘም ብሎ ይታያል፣ ስለዚህ ቁመት ስትለኩ ተጠንቀቁ። ጠረጴዛውም መንቀጥቀጥ የለበትም፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ደግሞ ግዴታ ነው፣ ለሰዓታት የምትከታተሉት ሴል መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ልትገዙ ያሰባችሁ ከማሽኑ በፊት ታቹ ስስ መስታወት የሆነውን ዲሽ (የሴል ማስቀመጫ ሳህን) ከየት እንደምታገኙ ጠይቁ፣ እኛ ጋ ስራ ያቆመው እሱ ሲያልቅ ነው።