ለጥሎ ማለፍ ቀን የሚሆን የበረኛ ጓንት፦ ባለ 4 ሚሊ ሜትሩ ላቴክስ በሰሜን ሸዋ ሜዳዎች

በጥሎ ማለፍ ጨዋታ አንዲት ኳስ ከበረኛው እጅ ሾለከች ማለት ቡድኑ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ተመለሰ ማለት ነው። ለዚያ ቀን የሚሆነው ጓንት በረኛው ለብሶ የሚረሳው ነው። መዳፉ 4 ሚሊ ሜትር ለስላሳ ላቴክስ (ኳስ የሚይዘው ስፖንጅ መሰል ጎማ)፣ ጣቱ ውስጥ የፕላስቲክ አጥንት ያለውን ጓንት የመዘንነው በዚህ ነው።

ኳስ አያያዙ ግሩም ነው፤ ግን ታጥቦ ሲረጥብ ብቻ። አዲሱ ላቴክስ ላይ የመከላከያ ቅባት ስላለ ሳይታጠብ ከተለበሰ ያዳልጣል። ለብ ባለ ውሃ፣ ዱቄት ሳሙና ሳይነካው፣ መዳፉን በአውራ ጣት እያሹ ከላቴክሱ የሚወጣው አረፋ እስኪጠፋ ማጠብ ይበቃል። ከዚያ ሁለት ሦስት ልምምድ ይሠራበት። ለግማሽ ፍጻሜ አዲስ ጓንት ከላስቲኩ አውጥቶ መልበስ፣ ያውም ልቡ ለሚመታ በረኛ፣ ትልቅ ጥፋት ነው።

ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ መዳፉን ቶሎ ስለሚያደርቀው የውሃ ጠርሙስ ከጎሉ ጀርባ አይጥፋ። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ጣት በብርድ ይደነዝዛል፤ መዳፉን ብቻ አርጥቡ፣ ውስጡ ውሃ አይግባ። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ከሩቅ የተመታ ኳስ ፍጥነቱን ቶሎ አይጥልም፣ ያን ያህልም አይታጠፍም። ከቆላ የመጣ በረኛ ይህን በማሟሟቂያው ሰዓት ከሩቅ እያስመታ ይልመደው።

ቅሬታችን አጥንቱ ላይ ነው። ጣት ወደ ኋላ እንዳይቀለበስ ነው የገባው። ጭንቀት የያዘው በረኛ ግን ጣቱ በራሱ ይገተራል፤ ፕላስቲኩ ሲጨመርበት ኳሱን መክበብ ያቅተዋል። ኳሷ መዳፉን መትታ እፊቱ ትወድቃለች፤ አጥቂውም የሚጠብቀው ያችኑ ነው። ጓንቱን ለብሳችሁ ጨብጡ፤ ጡጫው ሙሉ በሙሉ ካልተዘጋ አጥንቶቹን በጣቶቹ ጀርባ ካለው ክፍተት ስባችሁ አውጡ። ክፍተት የሌለውን፣ ተሰፍቶ የተዘጋውን አትግዙ።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ ከአውራ ጣት በስተቀር የመዳፉ ዙሪያ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 9 ቁጥር ይስማማል። ከጣት ጫፍ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይትረፍ።

ማሰሪያው ጠንካራ ነው፤ ችግሩ የፈራ በረኛ ደጋግሞ እያጠበቀ እጁን ማደንዘዙ ነው። ከማሰሪያው ሥር አንድ ጣት መግባት አለበት። በፍጹም ቅጣት ምት መለያ ጊዜ ከምት ምት መካከል ይፍታው፣ እጁን ያራግፍ፣ ትንፋሹን ረዘም አድርጎ ያውጣ፤ መቺው ኳሱን 11 ሜትሩ ነጥብ ላይ ሲያስቀምጥ መልሶ ይሰር። ኳሱ ሲመታ ቢያንስ አንድ እግሩ መስመሩ ላይ ወይም በመስመሩ ልክ መሆኑን አይርሳ፤ ችኮላ ያዳነውን ኳስ ሊያስደግምበት ይችላል።

ኮረት ሜዳ ላይ ይህ ጓንት ብዙ አይቆይም። በረኛው ሲወድቅ በእጁ ስለሚደገፍ መጀመሪያ የሚላጠው የመዳፉ ሥር ነው። ስለዚህ ለጨዋታ ቀን ይቀመጥ፤ ለዕለት ልምምድ ጠንከር ያለ ላቴክስ ያለው ርካሽ ጓንት ይበቃል። ከጨዋታ በኋላ ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣ እንጂ ፀሐይም እሳትም አይንካው፤ ይሰነጣጠቃል። መዳፍና መዳፉን አጋጥማችሁ ካስቀመጣችሁት ደግሞ ይጣበቅና ስታላቅቁት ላቴክሱ ተገሽልጦ ይነሳል።