ካርዱ ጥሩ፣ ሶፍትዌሩ ግን አበሳ፦ የሳተላይት ቲቪ ካርድ ከወራት በኋላ

ይህን የኮምፒውተር ቲቪ ካርድ የገዛሁት ለአንድ ነገር ነው፤ ከዲሽ የሚመጣውን ፕሮግራም ለመቅዳት። ዩቲዩብ ላይ የሚለቀቀውን ማውረድ ዳታ ይበላል፤ ሁሉም ፕሮግራም ደግሞ አይለቀቅም። ዲሹ ግን ጣሪያ ላይ አለ፣ በነፃ ይመጣል። ካርዱ ዴስክቶፑ ውስጥ ይገባል፣ የዲሹ ኬብል ከጀርባው ይሰካል፣ በቃ። ካርዱን ወድጄዋለሁ። ሲግናል ይይዛል፣ ምስሉም ጥርት ያለ ነው። አብሮት የመጣው ሶፍትዌር ግን አንጀቴን አሳርሮታል።

ገና ቻናል ፍለጋ ላይ ይጀምራል። ኢትዮሳት የምንለው 57 ዲግሪ ምስራቅ ላይ ያለው ኤንኤስኤስ-12 የሚባለው ሳተላይት ነው። የሶፍትዌሩ ዝርዝር ስላረጀ የኢትዮሳትን ፍሪኩዌንሲዎች ጭራሽ አያውቃቸውም። 11105 (ፍሪኩዌንሲው)፣ ሆሪዞንታል (የሲግናሉ አቅጣጫ)፣ 45000 (ሲምቦል ሬት፣ የመረጃው ፍጥነት) ብሎ በእጅ ማስገባት ግድ ነው። ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሲከፈት ደግሞ ያስገባሁትን ይረሳዋል። የሰፈር ዲሽ ሠራተኛ በሪሞት ቶሎ የሚጨርሰው ሥራ እዚህ ማታውን ይወስዳል።

ዋናው ብስጭት ግን መቅዳቱ ላይ ነው። ፋይሉን «የምሽት ዜና» ብዬ ስሰይመው አልቀዳም አለ። የሚያወጣው መልእክት «ዲስኩ ሞልቷል» የሚል ነው። ዲስኩ ግን ባዶ ነው። ነገሩን ሳጣራ ፕሮግራሙ ዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለምን ፊደላት ሁሉ ኮምፒውተር የሚያውቅበትን ሥርዓት፣ አያውቅም። የግዕዙን ፊደል በሙሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀይረዋል። ዊንዶውስ ደግሞ በፋይል ስም ውስጥ ጥያቄ ምልክት አይቀበልም፤ ስለዚህ ፋይሉ አይፈጠርም። ገንዘቤን ከፍዬ በገዛሁት ዕቃ በራሴ ፊደል ስም ማውጣት አለመቻሌ በጣም ነው ያናደደኝ።

የባሰው የመጣው በጥምቀት ነው። ከጃንሜዳ በቀጥታ የሚተላለፈውን ባሕር ማዶ ላለችው እህቴ ልልክላት እየቀዳሁ ነበር። የምቀዳበት ተጨማሪ ዲስክ ፎርማት የተደረገው ፋት32 በሚባለው የቆየ የፋይል አቀማመጥ ነው፤ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም። ደህና ፕሮግራም እዚያ ሲደርስ ሌላ ፋይል ከፍቶ ይቀጥላል። ይሄኛው ዝም ብሎ አቆመ። ቀይዋ የመቅጃ ምልክት ግን እስከ መጨረሻው እንደበራች ነበረች። ጸበሉ ሲረጭ አለ፤ ታቦታቱ ሲመለሱ የለም። እህቴ የጠበቀችው ደግሞ እሱን ነበር።

የመብራቱን ነገርም ላንሳ። ሶፍትዌሩ ካልነኩት ኤምፒ4 በሚባለው የቪዲዮ ፋይል ዓይነት ነው የሚቀዳው። የኤምፒ4 ማውጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ፋይሉ አይከፈትም። ቲኤስ የሚባለው ሌላው የፋይል ዓይነት ከተመረጠ ግን መብራት እስከጠፋበት ደቂቃ ድረስ ያለው ይተርፋል፣ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻም ይታያል። ቲኤስ ከሳተላይት የመጣውን እንዳለ ስለሚያስቀምጥ ጥራቱም አይቀንስም። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ለሚቀዳ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ይህን የሚያህል ምርጫ ሜኑ ውስጥ ሜኑ ከፍቼ ነው ያገኘሁት።

አምራቹ ካርዱን መሸጥ አላቆመም፤ ሶፍትዌሩን ማደስ ግን ትቷል። ዊንዶውስ ራሱን ባደሰ ማግስት ድራይቨሩ (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር) እምቢ ብሎ ካርዱ ከነጭራሹ አልታይ አለ። ዊንዶውስ 7 ላይ ቲቪ የሚያሳይና የሚቀዳ ሚዲያ ሴንተር የሚባል ፕሮግራም ነበር፤ ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ አስቀርቶታል።

የገላገለኝ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ነፃው ሊኑክስ ነው። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱን፣ ኡቡንቱን፣ ስጭንበት ካርዱን ያለ ሲዲ፣ ያለ ጣጣ አወቀው። ቲቪሄድኤንድ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በብራውዘር ስለሚከፈት ከስልኬ ሆኜ ቀጠሮ አስይዘዋለሁ። የአማርኛ ስምም ይቀበላል። ሲጀምሩት ግን ያደክማል፤ ኮምፒውተር ብዙም ለማይነካካ ሰው አልመክረውም። የቻናሎቻችን የፕሮግራም ዝርዝርም ብዙ ጊዜ ባዶ ስለሆነ ሰዓቱን ራሴ እሞላለሁ፤ የማታ 2 ሰዓቱን ዜና 20:00 እያልኩ። ቤተሰቡ አሁንም በሪሲቨሩ ነው የሚያየው። ካርዱ ላይ ቻናል መቀየር ይዘገያል፣ እነሱም ትዕግስቱ የላቸውም።

ለመግዛት ያሰበ ካለ በካርቶኑ ላይ ያለውን የሶፍትዌር ሥዕል አይመልከት። የካርዱን ቺፕ (ዋናውን ሥራ የሚሠራውን ክፍል) ስም ይጠይቅና ሊኑክስ ይደግፈው እንደሆነ ከመክፈሉ በፊት ያጣራ። 45000 ሲምቦል ሬት መቻሉንም ይጠይቅ፤ ያን የማይችል ካርድ 11105 ላይ ያሉትን ቻናሎች አያመጣም።