ጎንበስ ማለትን ለመለሰችልኝ እህት

ይህን ሳልጽፍ ብቀር ይቆጨኛል። ባህር ዳር ውስጥ ስንቱ ወገቡን ይዞ እንደሚውል አውቃለሁ። እኔም አንዱ ነበርኩ።

እህል ነጋዴ ነኝ። ጥር 2016 ላይ አንድ መኪና ጤፍ ገባልኝ። ጫኝ አውራጆቹ ቁርስ ሄደዋል፤ ደንበኛ ቆሟል። አላስችል አለኝና ባለ 50 ኪሎውን ማዳበሪያ ብቻዬን ወደ ሚዛኑ አነሳሁት። እግሬን ሳላንቀሳቅስ በወገቤ ብቻ ዞርኩ። ቀጭ አለብኝ። እዚያው ጤፉ ላይ ተደፋሁ። ቤቴ የገባሁት ሰው ደግፎኝ በባጃጅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያልሞከርኩት የለም። ሦስት ሳምንት ተኛሁ። መርፌ ተወጋሁ፤ ሲወጉኝ ይሻለኛል፣ ሲለቀኝ ይመለሳል፣ በመሀል ጨጓራዬ ተነሳ። ወጌሻ አሸኝ፤ ሁለት ቀን ቀለል አለኝ። የወገብ ቀበቶ ገዝቼ ቀንም ሌትም ታጠቅሁ። ኤምአርአይ ተነሳሁ። ውጤቱን ያየ አንድ ባለሙያ «በአከርካሪህ አጥንቶች መሀል ያለው ዲስክ ተንሸራቷል፤ ከእንግዲህ ጎንበስ እንዳትል» አለኝ። ይቺ ቃል ከህመሙ በላይ ጎዳችኝ። የወደቀ ሳንቲም እንኳ ማንሳት ፈራሁ። ጫማዬን የሚያስርልኝ ልጄ ሆነ። የዚያን ዓመት ስቅለት ሰው ሁሉ ሲሰግድ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ዋልኩ። እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

መስከረም 2017 ላይ ጎረቤቴ ወደ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ላከኝ። ስሜን እንዳትጽፍ ስላለችኝ አልጽፍም።

እጇን ሳታሳርፍብኝ በፊት ብዙ ጠየቀችኝ። ሽንት እምቢ ይልዎታል ወይም ያመልጥዎታል? ሰገራስ? መቀመጫዎና ብልትዎ አካባቢ ይደነዝዛል? እግርዎ እየዛለ ነው? ትኩሳት አለ? ሳያስቡት ከስተዋል? «ከእነዚህ አንዱ ቢኖር ዛሬውኑ ሆስፒታል ነበር የምልክዎት» አለች። እናንተም ይህን ያዙልኝ። በተለይ የሽንቱና የመደንዘዙ ነገር ለነገ የሚባል አይደለም።

የኤምአርአይ ውጤቱን አየችና አልደነገጠችም። «ጋሼ፣ ምንም የማያማቸውን የ40 ዓመት ሰዎች ኤምአርአይ ብናስነሳ ከ3ቱ የ2ቱ ዲስክ ያረጀ ሆኖ ይታያል። እንደ ሽበት ይቁጠሩት» አለችኝ። ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ቀጥላ «ምን መሥራት ናፈቀዎት?» አለች።

«ስግደት» አልኳት።

እሷ ሙስሊም ናት። ፈገግ ብላ «እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ» አለችና ምንጣፍ አነጠፈች። የመጀመሪያው ቀን ወንበር ይዤ መንበርከክ ብቻ ነበር። ከዚያ በእጅና በጉልበት ሆኜ ወገቤን ቀስ እያልኩ ከፍ ዝቅ ማድረግ። ከዚያ መቀመጫዬን ወደ ተረከዜ እየሳብኩ ግንባሬን ወደ ፊት ማውረድ። ግንባሬ እንዲያርፍበት ሁለት ትራስ ደረበችልኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዱን አነሳችው። ቀጥሎ ትራሱ በታጠፈ ጋቢ ተተካ። ጋቢውም በየጊዜው አንድ እጥፍ ሲቀነስለት ቆይቶ ኅዳር መጨረሻ ላይ ግንባሬ ምንጣፉን ነካ። ቀና ስል እሷም ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ቀበቶውንም ቀስ በቀስ አስወለቀችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ ለቆየ የወገብ ህመም ባወጣው መመሪያ ላይ ቀበቶ እንደማይመከር፣ እንቅስቃሴ ግን እንደሚመከር የነገረችኝ እሷ ናት። የእግር ጉዞዬን ደግሞ በአዲሱ የአባይ ድልድይ ለካችልኝ። ድልድዩ 380 ሜትር ነው። መጀመሪያ እስከ መሀሉ ሄዶ መመለስ፣ ከዚያ እስከ ዳር፣ ከዚያ ሁለት ዙር። ማለዳ ላይ ነፋሱ ደስ ይላል፤ ሞክሩት።

ታኅሣሥ ላይ አገረሸብኝ። በቃ አለቀልኝ ብዬ ደወልኩላት። «አገረሸ ማለት ተበላሸ ማለት አይደለም። ዛሬ ይረፉ፣ ነገ ግማሽ ድልድይ ይሂዱ» አለችኝ። በአምስተኛው ቀን ወደ ነበርኩበት ተመለስኩ።

አንድ ቅዳሜ ሱቄ ድረስ መጣች። ይህን ማንም አላዘዛትም። ማዳበሪያዎቹ መሬት ላይ፣ ሚዛኑ ከጀርባቸው መሆኑን አይታ ራሷን ነቀነቀች። እህሉን ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ አስደረደረችኝ፤ ሚዛኑንም አጠገቡ አስጠጋችው። ጫኝ አውራጆቹን ሰብስባ «ዕቃውን ሆዳችሁ ላይ ለጥፉት፣ ስትዞሩ በእግራችሁ ዙሩ፣ ከከበደ ለሁለት ያዙ» ብላ እየሠራች አሳየቻቸው። እነዚህ ልጆች ቀኑን ሙሉ ኩንታል ሲሸከሙ ኖረዋል፤ ስለ ወገባቸው የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም። እኔም አልጠየቅኋቸውም ነበር። ዛሬ ከ50 ኪሎ በላይ ብቻውን የሚያነሳ ሱቄ ውስጥ የለም።

ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ አልልም። አዲስ አበባ በመኪና ደርሼ ስመጣ ያመኛል። ግን አልፈራውም፤ ወርጄ እንቀሳቀሳለሁ፣ ይለቀኛል። የከፈልኳት ሁሉ ተደምሮ ለመርፌና ለቀበቶ ካወጣሁት ያንሳል።

የ2017 ስቅለት ከሰው ጋር ሰገድኩ። እሷ «እንዳይቆጥሩ፣ ሲደክምዎት ይቁሙ» ብላኝ ስለነበር አልቆጠርኩም። ማታ ደውዬ ነገርኳት። እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ፈጣሪ ያሰብሽውን ሁሉ ይሙላልሽ።

አድራሻዋን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቅዳልኛለች። የተነሳችሁት ኤምአርአይ ካለ ያዙ፣ ሰፋ ያለ ልብስ ልበሱ። ምን እንደናፈቃችሁም አስባችሁ ሂዱ፤ መጠየቋ አይቀርም።